የክሌም ዌለር ቀላል ወንጀል

ዕድሜ ልኩን የመጋዝ ጥርስ ሲሞርድ የኖረው ክሌም ዌለር የገዛ ጥርሱን ያጣው በልጁ ቡጢ ነው። ጥርሱስ ይሁን፤ ጥርስ ይተካል፣ ሐኪሙም ተክቶለታል። በዚያው ማታ ያጣውን ሌላውን ነገር ግን ማጣቱን እንኳ ያወቀው በረዶው ቀልጦ መንገዱ ጭቃ ከሆነ በኋላ ነው።

ክሌም የሚኖረው በሰሜን ፔንሲልቬንያ፣ ጫካው ከተማውን በሚውጥበት አገር ነው። በእንጨት መሰንጠቂያው ውስጥ ሞራጅ ነበር። ሞራጅ ማለት ግንድ የሚሰነጥቀውን ረጅም መጋዝ ከማሽኑ አውርዶ፣ ጥርሱን አንድ በአንድ አይቶ፣ የጎበጠውን አቅንቶ፣ የዶለዶመውን ስሎ የሚመልስ ሰው ነው። ሥራው ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ክሌም ለብረት የማያልቅ ትዕግሥት ነበረው። ለሰው ግን ያን ያህልም አልተረፈውም። "ክሌም ጥፋቱን የሚያምነው ሞረድ ከሰበረ ብቻ ነው" ትላለች ሚስቱ አርዲስ፤ "ያኔም ሞረዱን ይወቅሳል።"

ከአባቱ የወረሰው አንድ ጠብመንጃ ነበረው። ብረቱ የፋብሪካ ነው፤ ሰደፉን ግን አባቱ ራሱ ከዚያው መሰንጠቂያ በወጣ የቼሪ ዛፍ ሳንቃ ጠርቦ ሠርቶታል። ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ በአባትና በልጅ ጢም ተፈትጎ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስልሷል። ክሌም ሌሎች ጠብመንጃዎችም ነበሩት። እነዚያ ዕቃ ናቸው። ይሄኛው ግን "የአባባ" ነው የሚባለው፤ ሌላ ስም የለውም።

በዚያ አገር የዓመቱ ራስ በኅዳር ከሚውለው የምስጋና በዓል ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነው። የአጋዘን አደን ይከፈታል። "የመጀመሪያው ቀን" ይሉታል፤ የምን መጀመሪያ እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ፋብሪካ ይቆማል፣ የሞተ ሰው ካለም እስከ ማክሰኞ ይታገሣል። የዌለር ቤተሰብ አባባ የሠሯት ጎጆ ተራራው ላይ አለቻቸው፤ ክሌም፣ ልጁ ዱዌንና የአርዲስ ወንድም ፍሎይድ እዚያ ወጥተው ያድራሉ።

ጎጆዋ አንድ የማይሻር ሕግ አላት። አጋዘን ላይ ተኩሶ የሳተ ሰው የሸሚዙ ጭራ፣ ማለትም የኋላው የታች ጫፍ፣ ይቆረጣል። አንዱ ይይዘዋል፣ ሌላው በመቀስ ይቆርጣል፤ ስሙና ዓመቱ ተጽፎበት ከምድጃው በላይ ግድግዳው ላይ ይቸነከራል። የአባባ ጭራ እዚያ አለ። የፍሎይድማ አያልቅም፤ "ፍሎይድ ሸሚዝ የሚገዛው ግድግዳውን ለማልበስ ነው" ይሉታል። የክሌም ጭራ ብቻ የለም። ስቶ አያውቅም።

ከዚያ አንድ ዓመት ሳተ። ዱዌን ከቁልቁለቱ በታች ሆኖ አይቶታል፤ አጋዘኑ በጠራ ሜዳ ላይ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል፣ ጠብመንጃው ጮኸ፣ አጋዘኑ ጆሮውን አራግፎ ሄደ። ማታ መቀስ ሲወጣ ክሌም ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ጠቅጥቆ ቀበቶውን አጠበቀ።

"ቅርንጫፍ ነው የመታሁት" አለ። "ጥይቱ ቅርንጫፍ ነክቶ ዞረ። ይሄ መሳት አይባልም።"

"ቅርንጫፍ የለም'ኮ እዚያ!" አለ ዱዌን። "ሜዳ ነው!"

"አለ አልኩህ።"

ሰውዬው ከዚያ ቀን ጀምሮ "ቅርንጫፍ" ሆኖ ቀረ። ነዳጅ ማደያው ጋ "ቅርንጫፍ፣ እንዴት አደርክ?" ይሉታል። ፀጉር አስተካካዩ "ከላይ ቅርንጫፉን ልቀንሰው?" ይለዋል። ክሌም በአንዱም አልሳቀም።

በዓመቱ፣ የምስጋና በዓል ሊገባ ሲል፣ የበጎ ፈቃደኛ እሳት አጥፊዎች አዳራሽ ውስጥ የአዳኞች እራት ነበር። የአጋዘን ቋሊማ አለ፣ ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ እንቁላል አለ፣ ቢራ በገፍ አለ። ክሌም ጀርባውን ለአዳራሹ ሰጥቶ ተቀምጧል። ዱዌን ከቤቱ የልብስ መቀስ ይዞ መጣ፤ ከኋላው ጎንበስ ብሎ የአባቱን ሸሚዝ ከሱሪው ውስጥ መዘዘውና ለሕዝቡ ከፍ አድርጎ አሳየ።

"ወገኖቼ! ይሄ ጭራ ካምና ጀምሮ ይፈለጋል!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ክሌም ተነሣ፣ ዞረ፣ ልጁን በጥፊ አጮለው። ሳቁ ተቆረጠ። ዱዌን ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ በር ሲገባ የሚያጎነብስ ሰው ነው፣ ቢራውም አልጎደለበትም፤ ጉንጩን አንዴ ዳሰሰና በቡጢ መለሰ። የክሌም ጥርስ እንቁላሉ ሰሃን አጠገብ ወደቀ።

እንደ ወትሮው ቢሆን ነገሩ እዚያው ይበርድ ነበር። በሩ ላይ ግን ከሌላ አውራጃ ተዛውሮ የመጣ ወጣት ፖሊስ ቋሊማውን ይዞ ቆሞ ነበር። ማን የማን አባት እንደሆነ አያውቅም፤ ሁለቱንም በእኩል ከሰሳቸው።

ዳኛው ዘንድ የቀረቡት ከበዓሉ በፊት ባለው ረቡዕ ነው። ዳኛውን ሁሉም ያውቀዋል፤ እሱም ጎጆ አለው።

"ተስማምቶ መደባደብ፣ ቀላል ወንጀል ነው" አላቸው። "ጠበቃ እንፈልጋለን ካላችሁ ግን ለሚቀጥለው ሳምንት እቀጥራችኋለሁ።"

"ለሚቀጥለው ሳምንት? አደን ተከፍቶ?" አሉ አባትና ልጅ በአንድ አፍ። ከእራቱ ወዲህ የተስማሙበት ነገር ይኸው ብቻ ነው።

ጠበቃ ቀረ። ዳኛው አንድ ወረቀት አንሥቶ እንደ ጸሎት ፈጥኖ አነበበ፤ መብት ይላል፣ ማመን ይላል፣ ሊከተል የሚችል ነገር ይላል። ክሌም ድዱ ይጠዘጥዘዋል። ልቡ ደግሞ ተራራው ላይ ነው፤ ፍሎይድ ማገዶውን በላስቲክ ሸፍኖት ይሆን? "ገብቶሃል?" ሲለው "ገብቶኛል" አለ። ፈረመ። ዱዌንም ፈረመ። የትራፊክ ቅጣት የሚያህል ከፍለው በሁለት መኪና ወጡ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ክሌም በአባባ ጠብመንጃ የሕይወቱን ትልቁን ባለ ቀንድ አጋዘን ጣለ። ፍሎይድ ትከሻውን መታው። ዱዌን አጋዘኑን ለመጎተት እግሩን ይዞ አግዟል፤ ቃል ግን አልተናገረም፣ ክሌምም አልተናገረውም።

በጸደይ ክሌም ወደ ቬርና ሱቅ ሄደ። ቬርና ያገሩን ሰው ሁሉ የምታስታጥቅ፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ባልቴት ናት። ባለ ሁለት አፈሙዝ አሮጌ ጠብመንጃ ግድግዳው ላይ አይቶ ወደደው። ገዢ ሁሉ የሚሞላውን የመንግሥት መጠይቅ ሞላ። በቤተሰብ ላይ በተፈጸመ ቀላል ወንጀል ተፈርዶብህ ያውቃል ወይ የሚል አለበት። ክሌም አርዲስን አሰበ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት እጁን አንሥቶባት አያውቅም። "የለም" ላይ ምልክት አደረገ። ቬርና ገዢውን የሚያጣሩት የመንግሥት ሰዎች ጋ ደውላ ስሙን ነገረቻቸው፤ ጠበቀች፣ ከዚያ መነጽሯን አወለቀች።

"ክሌም፣ አልፈቀዱም።"

"ማንን?"

"አንተን።"

"ስሙን ተሳስተሻል። ዌለር በያቸው፣ መጨረሻው..."

"ክሌም፣ ስምህን ካንተ ይበልጥ አውቀዋለሁ።"

በዚያው ሳምንት ፖሊስ ቤቱ መጣ፤ በሳል ሰው ነው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ተቀመጠ። ያቺ "የለም" ያላት ብቻዋን ከባድ ወንጀል ልትሆንበት እንደምትችል ነገረው። ሳያውቅ መሆኑን አምኖ ተወው። "ነገር ግን ቤትህ ያሉት ጠብመንጃዎች ይውጡ" አለ። "ዛሬ ነገ ሳትል። አንተ እንዳትነካቸው።"

ክሌም ያኔ ነው ጠበቃ የፈለገው። ጠበቃዋ ሊኔት ትባላለች፤ በዕድሜ ልጁ ትሆናለች፣ ግን ነገር አትሸፋፍንም።

"ዳኛው ቀላል ነው ብሎኛል" አላት።

"ቀላል ነው። ቅጣቱ ቀላል፣ መዝገቡ ቀላል። ዋሽንግተን የወጣው ሕግ ግን በቤተሰቡ ላይ እጁን ያነሣ ሰው፣ ወንጀሉ የቱንም ያህል ቢቀል፣ ጠብመንጃ አይያዝ ይላል። ዕድሜ ልኩን።"

"ሚስቴን ነክቼ አላውቅም!"

"ልጅዎን ግን መትተዋል።"

"ልጅ? ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው'ኮ! ከኔ በላይ ይመዝናል!"

"ሕጉ 'ልጅ' ሲል ዕድሜም ክብደትም አልጻፈም።"

"ታዲያ ዱዌንስ? በዚያው ቀን፣ በዚያው ወንጀል ነው የፈረመው። እሱም ይከለከላል?"

ሊኔት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "አይከለከልም። ሕጉ የሚቆጥረው መቺውን ነው፤ ባል፣ ሚስት፣ አባት፣ እናት፣ አሳዳጊ፣ እንዲህ እያለ። ልጅ አባቱን ቢመታ የሚል የለበትም።"

"ጥርሴ ዘመድ አይደለም ማለት ነው?"

ሊኔት ሳቋ መጥቶባት ዋጠችው። "ጎረቤትዎን መትተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ አይመጡም ነበር።"

"ጎረቤቴ ምን አደረገኝ?"

አንድ በር እንዳለ ነገረችው። ፍርዱ እንዲሰረዝ የግዛቱን ቦርድ ምሕረት መጠየቅ ይቻላል፤ ዓመታት ይወስዳል፣ መልሱም አይታወቅም። "መጀመሪያ የሚጠይቁት ምን እንዳደረጉና መጸጸትዎን ነው። ልጅዎንም ይጠይቁታል። የእሱ ቃል ብዙ ያግዛል።"

"በልጄ አፍ ምሕረት ልለምን?" ክሌም ኮፍያውን አነሣ። "አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ሸሚዜን የገለበጠው እሱ፣ የምጸጸተው እኔ?"

ቤት ሲደርስ ለአርዲስ ሁሉንም ነገራት፤ ሕጉን፣ ዋሽንግተንን፣ ጠበቃዋን ተራ በተራ ረገመ። "በጥፊ! በአንዲት ቀላል ጥፊ ሰው ዕድሜ ልክ!"

አርዲስ ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋውን አላቆመችም።

"የዊልማ ባልም ቀላል ነበር" አለች። ዊልማ እህቷ ናት፤ ከሞተች ቆይታለች። "መጀመሪያ መታት፣ ዳኛው ቀላል ነው ብሎ ለቀቀው። ደግሞ መታት፣ ደግሞ ቀላል ነው ተባለ። በሦስተኛው አልመታትም፤ ተኮሰባት። ይሄ ሕግ ያኔ አልነበረም።"

"እኔና እሱ አንድ ነን?"

"አላልኩም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ሕጉ አንተን አያውቅህም። የሚያውቀው ጥፊውን ነው።"

ክሌም ወጥቶ መጋዝ ወዳለበት መጋዘን ገባ፤ ያን ቀን ግን የሞረድ ድምፅ አልተሰማም።

ጠብመንጃዎቹ የወጡት በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ክሌም መንካት አይችልም። አርዲስና ፍሎይድ አንድ በአንድ እያወጡ መኪና ላይ ሲጭኑ እሱ ደጃፉ ላይ እጁን ኪሱ ከትቶ ቆመ። አርዲስ የአባባን ጠብመንጃ በላዩ ላይ በተተከለው የማነጣጠሪያ መነጽር አንጠልጥላ ብቅ አለች።

"በመነጽሩ አትያዢው! ዒላማው ይዛባል! ከሰደፉ በታች፣ በመዳፍሽ..."

"ና ያዘዋ ታዲያ!" አለችው ሳታስበው። ወዲያው አፏን ያዘች።

ፍሎይድ መሬት መሬት አየ። ክሌም ወደ ውስጥ ገባ።

ሌሎቹን ፍሎይድ ወሰዳቸው። የአባባ ግን ለዱዌን ይገባል፤ ይህን ክሌምም አልካደም፣ ከአባት ወደ ልጅ ነው የሚሄደው። ነገሩ ንጹሕ እንዲሆን በቬርና ሱቅ በኩል ይለፍ አለች ጠበቃዋ። ዱዌን መጣ። አባቱን በጭንቅላቱ ሰላም አለው። ቬርና ደወለች፣ ስሙን ተናገረች፣ ጠበቀች።

"ተፈቅዷል" አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው፤ ሱቁ ግን ጠባብ ነው።

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ ክሌም ለማንም ሳይሆን። "ጥርስ ሰባሪው ጸደቀ፣ ባለ ጥርሱ ተኮነነ።"

ዱዌን ጠብመንጃውን እንደሚገባው፣ በመዳፉ አንሥቶ ያዘው። ጉንጭ የሚያርፍበትን ለስላሳ ቦታ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "አባዬ" አለ፣ "እኔ'ኮ ይሄን አልፈለግሁም። እዚያ ቦርድ የሚባለው ጋ ሄጄ የፈለግከውን እላለሁ። ቀድሜ የነካሁህ እኔ ነኝ እላለሁ።"

ዕድሉ እዚያ ነበር፤ በእጅ የሚጨበጥ፣ የአንድ ቃል ያህል ቅርብ። "እኔም አጠፋሁ" ማለት ብቻ ነው። ክሌም አፉን ከፈተ።

"ሰደፉን ዘይት ቀባው" አለ። "በዓመት አንዴ። ውኃ አይወድም።"

ዱዌን ጠብቆ ጠብቆ ሄደ።

የመጀመሪያው ቀን መጣ። ክሌም አልወጣም ብሎ ነበር፤ ፍሎይድ ግን ቡና እንኳ ሳይቀምስ ደጁ ላይ ክላክሱን አስጮኸ። "ና ንዳልን። መያዝ ነው የተከለከልከው፣ መሄድ አይደለም።" የሚነዳ ሰው ማለት ባዶ እጁን ጥሻውን እየጣሰ፣ እየጮኸ፣ ጋደል ብሎ የተኛውን አጋዘን አስነሥቶ ወደ ተኳሾቹ የሚልክ ነው። ድሮ ልጆችና ዓይናቸው የፈዘዘ ሽማግሌዎች የሚሠሩት ሥራ ነው። ክሌም ብርቱካናማውን የአዳኝ ሰደርያ ለብሶ በራሱ መኪና ተከተለው፤ ሲደርሱ እጁ የት እንደሚቀመጥ ጠፋበት።

ከሸለቆው ጀምሮ ዳገቱን ወጣ። "ሆ! ሆ!" ይላል፣ ዱላውን ግንድ ላይ ያንኳኳል። ራሱን እንደ ውሻ ቆጠረው። ወደ ላይኛው ጠርዝ ሲቃረብ ከጥሻው ውስጥ አንድ ባለ ቀንድ ተነሣ፤ በቀጥታ ዱዌን ወዳለበት ሮጠ። ክሌም ቆመ። የአባባን ጠብመንጃ ድምፅ ከሺህ ለይቶ ያውቃል፤ እሱው ጮኸ። አጋዘኑ ነጭ ጅራቱን ሽቅብ አንሥቶ ገደሉን ዘለለ። አንዲት ጠጉር እንኳ መሬት ላይ አልወደቀችም።

ማታ ጎጆዋ ውስጥ ምድጃው ነዷል፣ ሾርባው ፈልቷል። ጠብመንጃዎቹ ግድግዳ ላይ ናቸው፤ ክሌም ከእነሱ ራቅ ብሎ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ጠበቃዋ ጠብመንጃ ባለበት ቤት እንዳያድር አስጠንቅቃዋለች፤ በልቶ መሄዱ ነው። ዱዌን ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ ቆሟል። ስቷል፤ ያውቃል፤ ደንቡን ይጠብቃል።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። መቀሱ ከምስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ፍሎይድ ሾርባውን ያማስላል፤ የተማሰለ ሾርባ ነው።

"ምን ሆናችሁ?" አለ ክሌም።

"አይ..." አለ ፍሎይድ። "ይቅር ብለን ነው። ጨዋታው... ታውቀዋለህ። ዘንድሮ ይቅር።"

ክሌም ግድግዳውን አየ። የአባባ ጭራ ከጢስ ብዛት ጠቁሯል፤ ያም ሆኖ ስሙ ይነበባል። አባባ ስተው ያውቃሉ፤ ስተውም በዚህ ቤት ተስቆባቸው፣ ስቀውም በልተው ተኝተዋል። አሁን ግን በዚህች ጎጆ ሰው የሚስቀው እሱን ሰርቆ እያየ ነው።

ተነሣ። ሸሚዙን ከሱሪው መዘዘ። የኪስ ቢላዋውን ከፍቶ ከጀርባው እየታገለ፣ እያጣመመ ጭራውን ቀደደ። ለመጋዝ ጥርስ የሚጠነቀቀው እጅ የገዛ ሸሚዙን እንደ ጨርቅ ቦጨቀው። ስሙንና ያቺን የካቻምናዋን ዓመት ጻፈበት፤ ከአባባ አጠገብ ቸነከረው። ማንም አልሳቀም።

"ቅርንጫፍ አልነበረም" አለ ክሌም።

ዱዌን ጭራውን ሲያይ ቆየ። "ይቺን ያኔ ብትለን'ኮ አባዬ" አለ፣ "ዛሬ እኔ ነበርኩ የምነዳልህ።"

ክሌም ኮፍያውን አደረገ። ፍሎይድ "ሾርባው..." አለ። ክሌም "ይመሽብኛል" አለና ወጣ። መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ የተቀደደው ሸሚዝ ወገቡ ላይ ብርድ አስገባበት።

አርዲስ በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያየችው ሸሚዙን ነው። አዙራ ጀርባውን አየች።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?"

"ሳትኩ።"

"ጠብመንጃ ሳትይዝ? በምን ተኩሰህ ነው የምትስተው?"

ክሌም ሰደርያውን አውልቆ በሩ ኋላ ሰቀለው።

"በጥፊ" አለ።